የስድስት ኪሎ በር ስንት ሰው ያስገባል?

"የተማረ ይግደለኝ" ይላል ያገሬ ሰው። ገዳዩን ሲመርጥ እንኳ ትምህርት ያለው ይሁንልኝ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ አባባል የሚወለደው ትምህርት ብርቅ በሆነበት አገር ነው፤ የጠገበ ሰው ስለ እንጀራ አይተርትም። ዛሬ ብርቅነቱ ቀርቷል። ዲግሪ ያለው የታክሲ ረዳትም፣ ዲግሪ ያላት ጀበና ቡና ሻጭም በየሰፈራችን አሉ። ተስፋው ግን እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርስ እየከበደ የመጣ ይመስለኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ እስቲ የጎረቤቶቻችሁን ቤት ልብ በሉ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ይቀነሳል። እናት በእኩለ ሌሊት ሻይ ታፈላለች። ለእመቤታችን ስለት ይሳላል። አጎት ከውጭ አገር ይደውልና "ውጤት አምጣ እንጂ ላፕቶፑ የኔ ነው" ይላል። ሁሉም ስለ ማለፍ ያወራል። ስንት ልጅ እንደሚፈተንና ስንቱ እንደሚያልፍ ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሚያነሳ አይገኝም፤ ማንሳቱ እንደ ሟርት ይቆጠራል። ታዲያ ለአንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሕልሙን ሳንሰብርበት እውነቱን የምንነግረው እንዴት ነው? መልሱን ከራሳችን ታሪክ ውስጥ ብንፈልገው የምናገኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሕልሙም ሟርቱም እዚያው ነው የተወለዱት።

ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ ሲከፈት የተቀበለው ተማሪ 33 ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚባለውም ቢሆን በጣት የሚቆጠር ነው፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን፣ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተቋቋመው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1938 ዓ.ም. የተጨመረው ጄኔራል ዊንጌት እያልን የምንቆጥራቸው ናቸው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት፣ በተለይ ከየካቲት 12ቱ እልቂት ወዲህ፣ ከጦርነቱ በፊት የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ስለ ፈጀ መንግሥት የተማረ ሰው ጠምቶታል። ስለዚህ ለነዚያ 33 ልጆች ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት የመንግሥት ወንበር ማለት ነበር። ወንበሩ ደግሞ ደመወዝ፣ ቤት፣ መኪናና ክብር ይዞ ይመጣል። አያቶቻችን ይህን በዓይናቸው አይተዋል። የገበሬ ልጅ ደብተር ይዞ ሄዶ በመኪና ሲመለስ ያየ ሰው፣ ለልጁ ሌላ ምን ይመኝ?

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር ተቀላቅሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ንጉሡም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ይህ ቤተ መንግሥት ገና ከዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በነመንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑበት ነበር። ከዚያ በኋላ የስድስት ኪሎን በር አልፎ የሚገባ ተማሪ፣ አባቱ ከዳር ቆሞ እጅ ሊነሣበት በማይደፍረው የንጉሥ ግቢ ውስጥ መጽሐፍ ታቅፎ ይመላለስ ጀመር። "ስድስት ኪሎ ገባ" የሚለው አነጋገራችን ዛሬም ያ የቤተ መንግሥት ሽታ ያልለቀቀው ለዚህ ይሆናል። ልጃችን የአንድ ትምህርት ክፍል ተማሪ እንዲሆን እንመኛለን ስንል፣ ብዙ ጊዜ የምንመኝለት ወደዚያ ግቢ መግባቱን ነው።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ደግሞ "ማትሪክ" ይባል ነበር። ቃሉ ከላቲኑ "ማትሪኩላ" የመጣ ሲሆን መዝገብ ማለት ነው። ማትሪኩሌሽን ሲባል ስምን በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር። ስሙ ቀስ በቀስ ከመዝገቡ ወደ መግቢያ ፈተናው ተሻገረ፤ እኛ የወረስነውም ፈተናውን ነው። ከመዝገብ ላይ ሰው አይወድቅም፣ ስሙ አልሰፈረም ይባላል እንጂ። እኛ ግን "ማትሪክ ወደቀ" እንላለን። ቃሉ አንድን ቀን ሳይሆን ሰውየውን ራሱን የሚገልጽ ይመስል፣ "እሱ እኮ ማትሪክ የወደቀ ነው" እየተባለ በሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ላይ ሲነገር ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብለን እንይ። በድሮው ማትሪክ የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር። ቦታ ሲሰፋ ነጥቡ ዝቅ ይላል፣ ቦታ ሲጠብ ከፍ ይላል። እንበልና አንድ ልጅ 2.8 አምጥቶ የዓመቱ መቁረጫ 3.0 ቢሆን ልጁ ወደቀ ተባለ። የሚቀጥለው ዓመት መቁረጫ 2.6 ቢሆን ያው ልጅ ያለፈ ይሆን ነበር። በልጁ ጭንቅላት ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የአልጋው ቁጥር ነው። መንግሥት ስንት ተማሪ ማስተኛትና ማብላት እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ስለ ልጃችን ችሎታ የተሰጠ ፍርድ ተደርጎ ለሁለት ትውልድ ተነበበ።

"ልጆች የሚመኙትን ልክ ይወቁ" የሚለው ምክርም በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚያስደስት አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የአገሪቱን ትምህርት አስጠና። ሰዉ በእንግሊዝኛ ስሙ "ሴክተር ሪቪው" እያለ የሚጠራው ጥናት ነው። ሐሳቡን ለፍርድ አመቺ በሆነ መንገድ ላስቀምጠው። አገሪቱ ድሃ ናት፤ ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጡት ልጆች ሥራ እያጡ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሕፃን አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይማር፣ ወደ ላይ የሚወጣው ቁጥር ይገደብ፣ የቀረው ወደ እርሻና ወደ ሙያ ይሂድ። ከቁጥር አንፃር ካየነው እብድ ሐሳብ አልነበረም። በወረቀት ላይ ያየው ኢኮኖሚስት "ምን አጠፉ?" ሊል ይችላል።

ወላጅና መምህር ግን ከወረቀቱ ጀርባ ሌላ ነገር አነበቡ፤ "የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ይበቃዋል" የሚል። ይህን የሚሉት ባለሥልጣናት የራሳቸውን ልጆች አራተኛ ክፍል ላይ እንደማያስቆሙ ሁሉም ያውቃል። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ሆነ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ሴክተር ሪቪው ነበር። ባለ ታክሲዎችም በነዳጅ ዋጋ ተነሡ፣ ተማሪውም ወጣ፤ መንግሥት ዕቅዱን አቆየሁት ቢልም ጊዜው አልፎ ነበር። የቀረውን የምታውቁት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አለ። ለልጅ የቁጥሩን እውነት መንገር አንድ ነገር ነው፤ ስለ እርሱ ጣሪያውን መወሰን ሌላ ነገር ነው። "በሩ ጠባብ ነው፣ ብዙ ሰው ይገፋል፣ ተዘጋጅ" የሚል አባት እውነት ተናገረ። "አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም" የሚል አባት ግን ሴክተር ሪቪውን በገዛ ሳሎኑ ውስጥ አወጀ። ልጆች የሁለቱን ልዩነት ወዲያው ይለዩታል፤ መምህራኑ በ1966 እንደለዩት።

ከአብዮቱ በኋላ ሕልሙ በብዙ መንገድ ተፈተነ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲሄዱ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ቀይ ሽብርም መጣና ብዙዎቹ ወደ ክፍላቸው ሳይመለሱ ቀሩ። በሩ ሲከፈት ሰልፉ ከበፊቱ ረዝሞ ነበር። ሰፊው መስፋፋት የመጣው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ጅማ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር እያለ ቁጥሩ ጨመረ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ተማሪው ወጪውን የሚጋራበት ሥርዓት ተጀመረ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ከሚገቡት መቶ ተማሪዎች ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። በሩ ሲሰፋ ሕልሙ ይረጋጋል ብለን ጠብቀን ነበር። ሕልሙ ግን በር ቀየረ። ጥያቄው "ዩኒቨርሲቲ ገባች ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "የት ደረሳት? ምን ደረሳት?" ሆነ። ሕክምና ያልደረሰው፣ አዲስ አበባ ያልደረሳት፣ አልፈውም እንደ ወደቀ ሰው አንገታቸውን ይደፉ ጀመር።

ከዚያ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘመን መጣ። ፈተናው እንዳይሰረቅ ልጆቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጓጉዘው ተፈተኑ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ተባለ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የመጀመሪያው ውጤት በተነገረ ሰሞን አገሩ ሁሉ ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ተናግሯል።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ሲወድቅ ሰነፎች በአጋጣሚ አንድ ላይ ተሰባሰቡ ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራ ያልነበረው፣ የፊዚክስ መምህር ግማሹን ዓመት ያልነበረው፣ በጦርነት የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው የወደቀው። የድሮው ነጥብ የአልጋ ቁጥር ይነግረን ነበር፤ የአሁኑ ደግሞ ከልጁ ጋር ትምህርት ቤቱንም፣ እኛንም አብሮ ይፈትናል። ወደ 50 ያልደረሱት ግን የተቃረቡት "ሪሚዲያል" በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ሁለተኛ ዕድል ማግኘታቸውም ይኸው ስለ ታወቀ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ከአገር አቀፉ ፈተና ሌላ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ስለዚህ የስድስት ኪሎ በር ዛሬ ሁለት ደፍ አለው። ልጃችን ይህን ሁሉ ከውጤት ቀን በኋላ ከሚሰማው አስቀድሞ ከእኛ ቢሰማው አይሻልም?

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ የማያቸው ፊቶች ነበሩ። ምደባው ሲለጠፍ ሦስተኛና አራተኛ ምርጫቸው ያደረጉት፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ያልመረጡት ትምህርት ክፍል የደረሳቸው ልጆች ናቸው። ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ደብተር አያወጡም። አንዱ "እኔ ሕግ ነበር የምፈልገው" ብሎኝ ነበር። "ከሕግ ውስጥ ምኑን ነው የምትወደው?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ክርክሩን" አለኝ። ክርክርማ ልብ ወለድ ውስጥም ሞልቷል፤ ገጸ ባሕርያት ሌላ ሥራ የላቸውም። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ ሁሉ በጽሑፍ የሚከራከረኝ እሱ ሆነ። ሁሉም እንደሱ አልሆኑም። ሦስቱንም ዓመት ከኋላ ወንበር ሳይነሡ የተመረቁ ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያየሁት ልዩነት ግን የነጥብ አልነበረም። አንደኞቹ ሕልማቸው ውስጥ ምን እንዳለ ያውቁታል፤ ሌሎቹ የሚያውቁት የሕልሙን ስም ብቻ ነው።

አፈወርቅ ተክሌን አስቡ። በ1939 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠና ነበር። አገር የፈለገችው መሐንዲስ ነው። ልጁ ግን እጁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበርና ወደ ሥዕል ዞረ፤ የአፍሪካ አዳራሽን መስኮቶች ያገኘነው በዚህ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ከአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ሕግ ካጠና በኋላ ነው ወደ ቴአትር የገባው። እነዚህን ሰዎች የማነሣው "አይዟችሁ፣ ሁላችሁም ሎሬት ትሆናላችሁ" ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማጽናኛ ራሱ ሌላ ውሸት ነው። የማነሣው መንገዱ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ የሚችል ሰው ከመንገዱ ስም ይልቅ የራሱን ፍላጎት የሚያውቅ መሆኑን ስላሳዩኝ ነው።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ በሰፈሩ ቋንቋ "ሰቃይ" የምትባል። ጥቁር አንበሳ ገብቼ ሐኪም እሆናለሁ ካለች ሰባት ዓመቷ ነው። እናትየው፣ "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሯት። እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ ተወች" አለችኝ። ቡና እስኪፈላ እናትየው ወደ ጓዳ ስትገባ ልጅቷን ስንት ሰው እንደሚያልፍ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። የአራቱንም ዓመት ቁጥር እስከ ነጥቡ ዘረዘረችልኝ። "ታዲያ ያስፈራሽ ቁጥሩ ነው?" ስላት ራሷን ነቀነቀች። "ቁጥሩን ለምጄዋለሁ ጋሼ። እማዬ ለዕድሩ ሁሉ ዶክተር ልትሆን ነው ብላ ነግራለች። እኔ ብወድቅ እሷ በየት በኩል ትወጣለች?"

ብዙ ወላጅ ልጁ እውነቱን አያውቅም ብሎ ይጨነቃል። ልጆቹ ያውቁታል። የማያውቁት እኛ ማወቃችንን ነው። ልጅቷ እንቅልፍ ያጣችው የራሷን ሕልም ብቻ ተሸክማ አይደለም፤ የእናቷንም ጭምር ነው። የእናቷ ሕልም ደግሞ ከአያቷ፣ የአያቷም ከነዚያ 33 ልጆች ዘመን የመጣ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሸክም በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ!

እንግዲህ ቡናው ቀርቦ እናትየው ስትቀመጥ ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ። ቁጥሩን በቤት ውስጥ በግልጽ አውሩት፤ ከፈተናው ማግሥት ሳይሆን ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ። ቁጥሩ ሲነገር ግን "ስለዚህ ተዪው" የሚል ጭራ አይኑረው፤ "ሞክሪ፣ እኔም አብሬሽ ነኝ" የሚል ይሁን። ከሕልሙ ስም ውስጥ የሕልሙን ፍሬ አውጡ። ሐኪም መሆን የምትፈልገው በሽተኛ ማከም ስለምትወድ ነው? ለዚያ ነርስነትም፣ ጤና መኮንንነትም፣ ላቦራቶሪም፣ ፋርማሲም መንገድ ናቸው። ሰው ዶክተር እንዲላት ስለምትፈልግ ከሆነ ደግሞ እሱንም በጊዜ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫዋን እንደ መጀመሪያው አክብራችሁ አጥኑት፤ ግቢውን ሄዳችሁ እዩት፣ እዚያ የተማረ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ። ውጤት በሚወጣበት ቀን ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል ደግሞ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ነጥቡ መጣም ቀረም ያን ቀን ማታ ራቷን ከናንተ ጋር እንደምትበላ ልጅቷ አስቀድማ ትወቀው። እናትየው ዝም ብላ አዳመጠችና "ለዕድሩስ ምን ልበል?" አለችኝ። "ልጄ እየተማረች ነው በያቸው" አልኳት። ሁለታቸውም ሳቁ።

ሌላም የማይነካ ነገር አለ። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለውን መንገድ ስንጠቅስ ፊታችን ይቀየራል። ልጁ "ቴክኒክና ሙያ እገባለሁ" ቢል "ምነው፣ ውጤት አልመጣልህም?" እንላለን። ይህ ንቀት ከማትሪክም ይቀድማል። አንጥረኛውን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በል እያልን የኖርን ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን መልኩን ቀይሮ በእራት ገበታችን ላይ አለ። ሁለተኛውን መንገድ እየሰደብን ልጁን "የሚጠበቅብህን ልክ እወቅ" ብንለው አይሰማንም፤ ቢሰማንም አፍሮ ነው።

የዘንድሮዎቹ ልጆች ፈተና ላይ ሲቀመጡ ፊት ለፊታቸው ያለው በር አያቶቻቸው ያዩት በር እንዳልሆነ ንገሯቸው። ያ በር 33 ሰው አስገብቶ ለሁሉም ወንበር ሰጠ። ይሄኛው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይጠራል፣ ጥቂቱን ያስገባል፣ ለገቡትም ወንበር ቃል አይገባም። ይህን አውቆ ለመግባት የሚታገል ልጅ ቢገባ አይታበይም፣ ቢቀር አይሰበርም። እኛም በበኩላችን ስለ በሩ ከምንጠይቀው ይልቅ ስለሚያንኳኳው ልጅ ብንጠይቅ፣ ዕድሜ ልካችንን ስናወርሰው የኖርነው ሸክም ከዚህ ትውልድ ላይ ትንሽ ይቀልለት ነበር።